ወንጌል በእጅ ስልክ፤ ንባቡ ሲደርስ መምህሩስ?

የእጅ ስልክ የክርስትናን መልእክት መኪና ወደማይገባበት ቀበሌና ቤተ ክርስቲያን ወደማይታነጽበት አገር እያደረሰው ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ በሰሚው ልብ ለሚነሣው ጥያቄ ግን መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

በአንዲት የወረዳ ከተማ የቅዳሜ ገበያ ሲደራ፣ ከእህል ተራው ወዲያ፣ ነጋዴው እየተጣራ አህዮች በሚተላለፉበት መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ሱቅ ትታያለች፤ በበርዋም ላይ «መዝሙር፣ ስብከት፣ ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ፣ በውስጥዋ አንድ ወጣት ያገለገለ ላፕቶፑን ከፍቶ በዙሪያው የከበቡትን ገበያተኞች ተራ በተራ ያስተናግዳል። ከቆላ የመጡት ሽማግሌ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ቀፎአቸውን አውጥተው ሲሰጡት፣ ወጣቱ የስልኩን ጀርባ ይከፍትና ባትሪውን አንሥቶ ከጣት ጥፍር የማትበልጠውን ሚሞሪ ካርድ በኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካታል።

«ምን ልጫንልዎ አባቴ?»

«ዳዊቱን በንባብ ያለውን ጫንልኝ፤ የሉቃስን ወንጌልም ካለህ ጨምርበት። ባለፈው የጫንህልኝን ስብከት ግን እንዳታጠፋብኝ።»

ሽማግሌው ፊደል አልቆጠሩም ይሆናል፤ የደብሩ መምህርም ከቤታቸው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በዚያች ምሽት ከብቱ ገብቶ እራት ከተበላ በኋላ፣ ያች ትንሽ ቀፎ የጌታን ልደትና የጠፋውን ልጅ መመለስ ለቤተ ሰቡ ስታሰማ፣ ድምፁን ሰምቶ ከደጅ የሚገባ ጎረቤት አይታጣም። በኢትዮጵያ ገበያ የሚታየው ይህ ነገር በህንድ ገጠሮችና በምዕራብ አፍሪካ የንግድ ከተሞችም፣ ቋንቋውና ዜማው ይለያይ እንጂ፣ በዚሁ ሥርዓት ይፈጸማል። መዝሙርና ስብከት በስልክ መደመጡን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ያ ድምፅ ወደዚያች ካርድ እስኪገባ ድረስ ስንት ዘመን፣ ስንት ሰውና ስንት ድካም እንዳለፈበት፣ ከገባም በኋላ ምን እንደሚጎድለው ግን ቆም ብሎ የመረመረው ጥቂት ነው።

ከሸክላ እስከ ሚሞሪ

የክርስትና መልእክት በየዘመኑ ያገኘውን መጓጓዣ ሳይንቅ ተጉዟል። የሐዋርያው ጳውሎስ መልእክታት የሄዱት ሮማውያን ለጦር ሠራዊት ባቀኑት ጥርጊያ መንገድና እህል በሚያመላልስ መርከብ ነው። ለአክሱም ነገሥታት ወንጌልን ያበሠረው፣ በኋላም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ፍሬምናጦስ፣ በቀይ ባሕር ሲጓዝ የተሳፈረባት መርከብ በደረሰባት አደጋ ምክንያት ወደዚህች ምድር ገባ። ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ በጀርመን አገር በማይንትስ ከተማ የኅትመትን ጥበብ ባሳየ ጊዜ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የእኛው አገር ሰው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስም፣ የእጅ ጽሑፉ በእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ብሉይና ሐዲስ ተሟልቶ ታተመ።

ይህ ሁሉ ግን ንባብ ለሚያውቅ ሰው ነበር፤ ንባብ የማያውቀው በድምፅ እንዲሰማ የተደረገው ጥረት የተጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ጆይ ሪደርሆፍ የምትባል አሜሪካዊት ወንጌላዊት በሆንዱራስ ተራሮች ስታገለግል ቆይታ፣ በሕመም ምክንያት ወደ ሎስ አንጀለስ ከተመለሰች በኋላ፣ እርስዋ በአካል ልትደርስበት ወዳልቻለችው መንደር ድምፅዋ እንዲደርስ ብላ በስፓንኛ ቋንቋ መልእክትዋን በሸክላ አስቀረጸች። ከዚያች ሸክላ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ማኅበር፣ ዛሬ ግሎባል ሪከርዲንግስ ኔትወርክ የሚባለው፣ ከስድስት ሺህ በሚበልጡ ቋንቋዎችና ዘዬዎች ድምፅ ቀርጿል። መብራት በሌለበት አገር ይሰማ ዘንድ ማኅበሩ ከካርቶን የተሠራ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ሸክላው በእጅ እየተሽከረከረ የሚያሰማ ማጫወቻ እስከ ማሠራት ደርሶ ነበር።

በኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ አንድ ታላቅ ምዕራፍ ተጽፏል። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌደሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ራዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሮ፣ ከዚህች ከተማ ተነሥቶ በብዙ ቋንቋዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር። ዜናውና ትምህርታዊ ዝግጅቱ ከስብከቱ ጋር ተዋሕዶ ስለሚቀርብ፣ በእምነት በማይመስሉት ሰዎች ዘንድ እንኳ የሚታመን ድምፅ ለመሆን በቅቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ጣቢያውን በወረሰ ጊዜ፣ ዓመታት የፈጀው ሥራ በአንድ ቀን ትእዛዝ ቆመ።

> አንድ ጣቢያ በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል፤ በሺህ ሰዎች ኪስ የተበተነ ድምፅ ግን የሚዘጋበት አንድ በር የለውም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ እርምጃው የፈጠነ ነው። በሉቃስ ወንጌል ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል፤ ቀድሞ ይህን ፊልም በአንድ መንደር ለማሳየት ጄኔሬተር፣ ፕሮጄክተርና ነጭ ሸራ በመኪና መጫን ግድ ነበረ፤ አሁን ግን ፊልሙ ከነድምፁ በአንዲት እረኛ ስልክ ውስጥ ያድራል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የአፕል ኩባንያ የመተግበሪያ ገበያውን በከፈተ ጊዜ፣ በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ላይፍ ቸርች የተባለ ቤተ ክርስቲያን ያዘጋጀው የዩቨርዥን መጽሐፍ ቅዱስ ከመጀመሪያዎቹ መተግበሪያዎች መካከል ተሰልፎ ነበር፤ ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ስልኮች ላይ ተጭኖ፣ የአማርኛውን ንባብ ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ያለ ዋጋ ይሰጣል።

ድምፁ እንዴት ይዘጋጃል

በዓለም ላይ ከሰባት ሺህ የሚበልጡ ቋንቋዎች ሲነገሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር የተተረጎመላቸው ከአንድ ሺህ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ብዙው ሥራ የሚጀምረው ከስልኩ ሩቅ ከሆነ ስፍራ፣ ቋንቋው ፊደል እንኳ ካልተቀረጸለት መንደር ነው። በዚያ አንዲት ክፍል ተመርጣ መስኮትዋና ግድግዳዋ በብርድ ልብስና በፍራሽ ይሸፈናል፤ ዶሮ በጮኸ ጊዜ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በመታ ጊዜ ሥራው ይቋረጣል። ተናጋሪው ንባብ የማያውቅ ሲሆን፣ የቋንቋው ሰው የሆነ ረዳት አንዲቱን አጭር ዐረፍተ ነገር በጆሮው ይነግረዋል፤ እርሱም በገዛ አንደበቱና በገዛ ለዛው መልሶ ይናገራታል፤ ቀራጩም እነዚያን ቁርጥራጭ ንግግሮች እያገጣጠመ አንድ ወጥ ታሪክ ያደርጋቸዋል። ከዚያም ትርጕሙን አስቀድሞ ያልሰማ ሌላ የመንደሩ ሰው ይጠራና «ምን ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እርሱ የሰማው ሊነገር ከታሰበው የተለየ እንደሆነ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል።

በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ፣ በአልበከርኪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው «ፌይዝ ከምስ ባይ ሂሪንግ» የተባለው ድርጅት ደግሞ 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በብዙ ድምፆች ያስቀርጻል፤ ጴጥሮስን አንድ ሰው፣ ማርያም መግደላዊትን አንዲት ሴት፣ ሕዝቡንም ብዙዎች ሆነው ይናገሩለታል። በዚህ ሁኔታ የተቀረጸው ሐዲስ ኪዳን በሙሉ ሃያ ሰዓት ያህል የሚደመጥ ሲሆን፣ ከዚያች ከጥፍር ከማትበልጥ ካርድ ላይ የሚይዘው ስፍራ እጅግ ትንሽ ነው።

ቃሉን በጽሑፍ ለማድረስም የፊደል ነገር ራሱን የቻለ ትግል ነበረው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከተመዘገበም በኋላ ስልኮቹ ፊደሉን አንብበው ለማሳየት ዓመታት ስለ ፈጀባቸው፣ አንዱ በአማርኛ የጻፈው መልእክት ለሌላው ሲደርስ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው የሚታዩበት ጊዜ ነበረ። ያ ጊዜ አልፎ፣ ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ግጻዌውን፣ ስንክሳሩን፣ ውዳሴ ማርያሙን በየዕለቱ በቴሌግራም ያሰራጫሉ፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶችም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታቸውን በዚያው መንገድ ያካሂዳሉ። ኢንተርኔት በተቋረጠበትና የዳታ ዋጋ በሚከብድበት ቦታ ደግሞ አንዱ ከሌላው በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ይቀበላል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ስልካቸውን አቀራርበው በተቀመጡበት መጽሐፉ ካንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

በባዕድ አገር ያለ ጉባኤ

የዚህ ጥበብ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በስደት አገር ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን መሥራት አይፈቀድም፤ በሌሎቹም የባሕረ ሰላጤ አገሮች ቤተ ክርስቲያን ቢኖር፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ከቤቱ ለመውጣት ፈቃድ የማታገኝባቸው ሰንበቶች ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለችው እኅት ልብስ ስትተኩስ በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ አድርጋ ከአገር ቤት የሚተላለፈውን ቅዳሴ ትሰማለች፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ በስልክ ጉባኤ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከመሰሎችዋ ጋር ትዘምራለች፤ የንስሐ አባትዋንም በስልክ ታማክራለች። ብዙ ዓመት በዚያ ኑሮ ያሳለፉ ሴቶች ሲናገሩ፣ ከሁሉ በላይ ያጸናቸው የስብከቱ ርቱዕነት ብቻ ሳይሆን፣ በስማቸው የሚጠራቸውና «እንዴት አደርሽ?» የሚላቸው ሰው በዚያች ስልክ ውስጥ መኖሩ እንደ ነበር ይመሰክራሉ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ይህ የስደተኞች ኑሮ ለጊዜው የሁሉም ኑሮ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 27 ቀን 2020 የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ሰው በሌለበት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ብቻቸውን ቆመው ሲጸልዩ ዓለም በቴሌቪዥንና በስልክ ተከታተላቸው፤ በኢትዮጵያም የሰሙነ ሕማማቱ ጸሎት በቴሌቪዥንና በስልክ ተላልፎ፣ ምእመናን በየቤታቸው ሰገዱ። በዚያን ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሁለት ነገር አስተዋሉ፤ ቃሉን በስልክ ማሰማት እንደሚቻል፣ ሥጋ ወደሙን ግን በስልክ ማቀበል እንደማይቻል። ሕፃን በስልክ አይጠመቅም፤ ሙሽራ በስልክ አይከለልም፤ የታመመ ሰው እጅ በስልክ አይጨበጥም።

ጃንደረባውና ፊልጶስ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ የማያውቅ አንባቢ የለም። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል የሆነው ይህ ሰው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። በዘመኑ ሚዛን ሲታይ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ነበረ፤ መጽሐፍ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ፣ ንባብ የሚያውቅ ዐይን፣ ረጅም የመንገድ ጊዜና ለእግዚአብሔር የተከፈተ ልብ ነበረው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ራሱ ለፊልጶስ እንደ ገለጸለት፣ የሚያነብበውን የሚያስረዳው ሰው ነው። ፊልጶስም መጽሐፍ ጨምሮለት አልሄደም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ፣ ጥያቄውን ከጀመረበት ቦታ ተቀብሎ አስተማረው፣ ውኃ በተገኘ ጊዜም አብሮት ወርዶ አጠመቀው።

> ለጃንደረባው የጎደለው መጽሐፍ አልነበረም፤ ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

የዛሬው ስልክ በምድር ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ከዚያ ጃንደረባ ጋር እኩል ሊያደርገው ይችላል፤ መጽሐፉን በሠረገላው ላይ ያኖርለታል። ፊልጶስን ግን ሊፈጥርለት አይችልም። የአገራችን ሊቃውንት ይህን ስለ ተረዱ ነው ንባብን ከትርጓሜ ሳይለዩ፣ ትርጓሜንም ከመምህር አፍ ሳይነጥሉ ትምህርታቸውን ለዘመናት ያቆዩት። የአንድምታ ተማሪ በመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ፣ አንዲቱን ንባብ ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከብዙ ወገን መመልከትን ይማራል፤ መምህሩም ተማሪው ምን እንዳልገባው የሚያውቀው ፊቱን እያየ ነው።

በዚህ ነገር ላይ የተለያዩ ሰዎች አስተያየት ሲደመጥ ልዩነቱ እንደሚታሰበው ሰፊ አይደለም። አንድ ዕድሜ የጠገቡ መሪጌታ መጽሐፍ በማኅደሩ ተከብሮ ሲኖር፣ ስልክ ግን ጸሎቱንና ጨዋታውን በአንድ ስፍራ ስለሚይዝ የሰውን ልብ ይከፍላል ብለው ይሰጋሉ፤ ይሁን እንጂ በርቀት ያሉ ተማሪዎቻቸው ቀለም የሚጠይቋቸው በዚያው በስልክ እንደ ሆነ አይክዱም። መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶች በበኩላቸው የጫነውን ሰው ብዛት መቁጠር ቀላል፣ የለወጠውን ሰው ማወቅ ግን ከባድ እንደ ሆነባቸው ይናገራሉ። በገጠር የሚዘዋወር አንድ ወንጌላዊ ደግሞ፣ ካርዱን ሰጥቶ ከሄደበት መንደር ይልቅ፣ ካርዱን ሰጥቶ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «የትኛውን ሰማችሁ? ያልገባችሁስ የቱ ነው?» ብሎ የጠየቀበት መንደር ፍሬ እንዳፈራለት ያስረዳል።

ጥበቡ የሚያመጣው ፈተና

የመምህሩ መጉደል ባዶ ቦታ ሆኖ አይቀርም፤ ሌላ ይገባበታል። ዛሬ በአጭር ቪዲዮ የሚሰራጨው ስብከት ከረጅም ትምህርት ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ቆራጩም የሚመርጠው ሰሚውን የሚያስደነግጠውን ወይም የሚያስቆጣውን ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት በፍቅር ተጀምሮ በፍቅር የተፈጸመ ትምህርት፣ መካከሉ ብቻ ተነጥሎ ሲታይ የጠብ ምክንያት ይሆናል። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሌላውን ለመዝለፍ በስልክ የሚያፈሰው ቃል ስፍር ቁጥር የለውም፤ ክርስቶስን የማያውቅ ሰው ይህን ክርክር ተመልክቶ ስለ ክርስትና ምን ዐይነት ብያኔ እንደሚሰጥ ማሰብ ያሳዝናል። ከዚህም የከፋው፣ ነቢይ ነኝ የሚል ሰው በስልክ ትንቢት እየነገረ የሕሙማንን ፈውስ በገንዘብ መለወጡ ነው፤ እናት ለልጅዋ መድኃኒት ያስቀመጠችውን ብር ወደማታውቀው ሰው ትልካለች፤ ተስፋዋ ሳይፈጸም በቀረ ጊዜ ብርዋን ብቻ ሳይሆን እምነትዋንም አብራ ታጣለች።

ሌላው ፈተና የሰሚው ደኅንነት ነው። ወንጌልን መስማት በሚያስቀጣበት አገር፣ ስልክ ለባለቤቱ መጽሐፍ ሲሆን ለአሳዳጁ ምስክር ይሆናል፤ ማን ምን እንዳወረደ፣ ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ መዝግቦ ይይዛልና። መተግበሪያውም ቢሆን የሚኖረው በሌላ ሰው ፈቃድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኦሊቭ ትሪ ኩባንያ የሚጠየቀው ፈቃድ ስላልነበረው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያውን በቻይና ካለው የአፕል ገበያ ራሱ አንሥቷል፤ በተከታዩም ዓመት በዚያው አገር በኢንተርኔት ስለ ሃይማኖት የሚያስተምር ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ደንብ ጸንቷል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወደ እንዲህ ያለ አገር ቃሉን ሲልኩ፣ ኢንተርኔት የማያስፈልጋትን፣ ስም የማትጠይቀውን፣ በችግር ጊዜ በቀላሉ የምትወጣውን ሚሞሪ ካርድ እስከ ዛሬ ድረስ ይመርጣሉ። በአዲስ አበባ የነበረው ራዲዮ ጣቢያ ታሪክም ከዚህ የተለየ ትምህርት አይሰጠንም፤ ቃሉ በአንድ ማማ ላይ ብቻ እንዳይሰቀል ያስጠነቅቀናል።

ምን ይደረግ

ከላይ እንዳየነው፣ የእጅ ስልክ ከሰማይ የወረደ መልአክም፣ ከሲኦል የወጣ ፈታኝም አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ እንደ ነበሩ ይተረካል፤ ዛሬ ያን የሚል የለም፤ የዛሬው ስሕተት በተቃራኒው ነው፤ መልእክቱን ላክን ማለት አስተማርን ማለት ይመስለናል። ማድረስ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ማስረዳት፣ ማጽናናት፣ አብሮ መጸለይና አብሮ መቈየት ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ በሰው ላይ የወደቀ ሥራ ነው።

ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናት ለስቱዲዮና ለካሜራ ከሚመድቡት በጀት ከፍለው፣ ሰሚ ሲደውል ስልኩን አንሥተው በትዕግሥት የሚመልሱ መምህራንን ሊመድቡ ይገባል። በአማርኛ ብዙ ተሠርቷል፤ በአገራችን ከሚነገሩት ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ውስጥ ግን ቃሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልደረሰው ወገን ገና አለና፣ የተማረው ወጣት ዕውቀቱንና ድምፁን ለዚያ ያውል። መንፈሳዊ ትምህርት የሚያሰራጩም ንግግሩን ከመቍረጣቸው በፊት ዳር እስከ ዳር ይስሙት፤ ሰሚዎችም ለስጦታ ተብሎ ገንዘብ ሲጠየቁ ጠያቂው የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳያረጋግጡ አይላኩ።

ለአንተም፣ ለአንቺም አንባቢ የሚነገረው ቃል አጭር ነው። ዛሬ ጠዋት ለወዳጅህ መዝሙር ወይም ጥቅስ ልከህለት እንደሆነ መልካም አድርገሃል፤ ማታ ደግሞ ደውለህ እንዴት እንደ ዋለ ጠይቀው፤ በአቅራቢያህ ካለም ሄደህ ከጎኑ ተቀመጥ።